ቴሌቪዥኑ ጠቆረ እንጂ አልሞተም

ማታ ነው። ቡና ተፈልቷል። የሁለት ሰዓት ዜና ሊጀምር ጥቂት ቀርቷል። በደብረ ብርሃን ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት ከልጆቻቸው ጋር ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጠዋል።

ድንገት መብራት ጠፋ። ትንሽ ቆይቶ መጣ። ብልጭ ድርግም አለና እንደገና ጠፋ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ የቤቱ አምፖል በራ። ቴሌቪዥኑ ግን አልበራም። መስታወቱ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

እናትየው ሪሞቱን አነሡ። አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። ምንም የለም። ሌላውን ተጫኑ። አሁንም ምንም የለም። ከዚያ ወዲያ በድንጋጤ ያገኙትን ቁልፍ ሁሉ ይጫኑ ጀመር።

ይህ ቴሌቪዥን ለእኚህ እናት ተራ ዕቃ አይደለም። ትልቋ ልጃቸው ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ በላከችው ገንዘብ የተገዛ ነው። «እማዬ፣ እኔ እስክመጣ ድረስ ይኼ ያጫውትሽ» ብላቸው ነበር። ስለዚህ ጥቁሩን መስታወት ሲያዩ የልጃቸው ድካም ከንቱ የቀረ መሰላቸው። እንባ መጣባቸው።

በማግሥቱ አንድ ጠጋኝ ጠሩ። ጠጋኙ መጣና ሪሞቱን አንድ ጊዜ ነካ። የቴሌቪዥኑን ጀርባ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያም ራሱን ነቀነቀ።

«እናቴ፣ ስክሪኑ ተቃጥሏል። ማሠሪያው አዲስ ከመግዛት አይተናነስም። ከፈለጉ ለመለዋወጫ እኔ ልውሰደው። የአንድ በግ ዋጋ እሰጥዎታለሁ» አላቸው።

እናትየው ጥቂት አሰቡ። «ልጄ፣ ይኼ የሰው ላብ ነው። ሳላማክራት አልሸጥም። ለጊዜው ሂድ» አሉት።

ደግ አደረጉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ለምን ደግ እንዳደረጉ አሁን እናያለን።

የጎረቤት ልጅ መጣች

ከሰዓት በኋላ የጎረቤታቸው ልጅ መጣች። ልጅቷ በሙያ ትምህርት ቤት የኤሌክትሮኒክስ ተማሪ ናት። ነገሩን ሰማች።

«እማማ፣ ጠጋኙ መብራቱን አየ? ድምፁን አዳመጠ? ሶኬቱን ሞከረ?» ብላ ጠየቀች።

«ኧረ ምንም አላየም! እንደ ገባ ወጣ።»

«እንግዲያው ከመሸጥዎ በፊት እኛ እንይ። አንድም ሳንቲም አያስወጣንም። እኔ እመረምራለሁ፣ እርስዎ ይጻፉ።»

እናትየው ሳቁ። «እኔ ልጻፍ?» አሉ። በዚያ ሰሞን ማታ ማታ ፊደል ይማሩ ነበር። ቁጥርም ከ1 እስከ 100 ማንበብ ችለዋል። ደብተራቸውንና እርሳሳቸውን አመጡ። ምርመራው ተጀመረ።

ውድ አንባቢዎች! እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ችግር ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከእነሱ ጋር ደረጃ በደረጃ እንሂድ። በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እንወቅ።

ሥዕሉ ከየት ይመጣል?

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። የዚያን ጊዜው ቴሌቪዥን እንደ ሣጥን ትልቅ ነበር። በውስጡ ወፍራም የብርጭቆ ቱቦ ነበረው። ሲከፈት እስኪሞቅ ይጠበቃል። ሥዕሉ ሲጠፋ ሰዎች ጎኑን በመዳፋቸው ይመቱት ነበር። አንዳንዴም የላላው ሽቦ ይገጥምና ሥዕሉ ይመለስ ነበር።

ዛሬ ግን ቴሌቪዥን አይመታም! የዛሬው መስታወት ስስ ነው። አንድ ምት ይሰነጥቀዋል። የተሰነጠቀ መስታወት ደግሞ አይጠገንም። መቀየር አለበት፤ ዋጋውም ከባድ ነው።

የዛሬው ስማርት ቴሌቪዥን ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት።

አንደኛው የኋላ መብራት ነው። ከመስታወቱ በስተ ኋላ ኤልኢዲ የሚባሉ ትንንሽ አምፖሎች በረድፍ ተደርድረዋል። ሥራቸው ማብራት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስሱ መስታወት ነው። በውስጡ እጅግ ብዙ ትንንሽ ነጥቦች አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ እንደ መስኮት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ብርሃን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል። ሥዕሉ የሚሠራው በዚህ ነው።

ሦስተኛው ቦርድ ነው። አንደኛው ቦርድ ኤሌክትሪክ ያከፋፍላል። ሌላው ቦርድ ደግሞ እንደ አእምሮ ያስባል። ስማርት የተባለውም ለዚህ ነው። ከኢንተርኔት ጋር ይገናኛል፣ ፕሮግራም ይጭናል፣ የታዘዘውን ያስታውሳል። ልክ እንደ ስማርት ስልክ ማለት ነው። ስልክ አንዳንዴ ደርቆ እንደሚቀር ሁሉ ቴሌቪዥንም ደርቆ ይቀራል።

በምሳሌ እንናገር። አንድ ሰው ማታ በመጋረጃ ላይ የጥላ ሥዕል ያሳያል እንበል። ከመጋረጃው ኋላ ፋኖስ አለ። ፋኖሱ ቢጠፋ ሰውየው እጁን ቢያወዛውዝም ሥዕሉ አይታይም። ፋኖሱ በርቶ ሰውየው ቢተኛ ደግሞ መጋረጃው ባዶ ይሆናል። ሁለቱም ደህና ሆነው የቤቱ በር ቢቆለፍ ተመልካች አይገባም። ችግሩ ሦስት ዓይነት ነው። ተመልካቹ ግን የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ጨለማ።

የቴሌቪዥንም ነገር እንዲሁ ነው። ጥቁረቱ አንድ ይመስላል። ምክንያቱ ግን ብዙ ነው። አንዳንዱ ምክንያት ያለ ምንም ወጪ ይድናል። አንዳንዱ ባለሙያ ይፈልጋል። ሳይለዩ ገንዘብ ማውጣት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

አራቱ ጥያቄዎች

ልጅቷ አራት ጥያቄ ጠየቀች። እናትየው መልሱን ጻፉ።

1. ከቴሌቪዥኑ ግርጌ ትንሽ መብራት በርቷል ወይስ አልበራም?

2. ድምፅ ይሰማል ወይስ አይሰማም?

3. በመስታወቱ ላይ ማናቸውም ጽሑፍ ወይም ምልክት ይታያል ወይስ አይታይም?

4. ከመጥቆሩ በፊት ምን ሆነ?

እናትየው በትልልቅ ፊደል እንዲህ ጻፉ፦

«ቀይ መብራት አለ። ድምፅ የለም። ጽሑፍ የለም። መብራት 3 ጊዜ ጠፍቶ መጣ።»

ይህች ትንሽ ጽሑፍ ብዙ ነገር ተናገረች። ቀዩ መብራት አለና ኤሌክትሪክ ቴሌቪዥኑ ዘንድ ደርሷል። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ጨርሶ አልሞተም።

ትንሹ መብራት ባይበራስ?

የእናንተ ቴሌቪዥን ትንሹ መብራት ካልበራ በመጀመሪያ ኤሌክትሪኩን ፈልጉ።

ስፒናው ከሶኬቱ ላልቶ እንደሆነ እዩ። በዚያው ሶኬት ላይ የስልክ ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ። ስልኩ ኃይል ካልተቀበለ ጥፋቱ የሶኬቱ ነው፤ የቴሌቪዥኑ አይደለም። ማከፋፈያ የምትጠቀሙ ከሆነ ማከፋፈያውን አልፋችሁ ቴሌቪዥኑን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰኩት። ስታቢላይዘር ካላችሁ እሱ ራሱ መሥራቱን ተመልከቱ። ገመዱ ወደ ቴሌቪዥኑ ጀርባ የሚገባበት ቦታም ይላላል። ስፒናውን ከነቀላችሁ በኋላ ጠበቅ አድርጋችሁ አስገቡት።

እጃችሁ እርጥብ ከሆነ ግን ምንም አትንኩ። ሶኬቱ ጠቁሮ ወይም የተቃጠለ ነገር ሸትቶ ካገኛችሁትም አትንኩ። ቆጣሪው አጠገብ ያለውን ማጥፊያ አጥፉና የመብራት ሠራተኛ ጥሩ።

ሪሞቱ ይሆን?

በእናትየው ቤት ቀዩ መብራት በርቷል። ቴሌቪዥኑ ግን ለሪሞቱ አይታዘዝም። ልጅቷ የስልኳን ካሜራ ከፈተች። የሪሞቱን ጫፍ ወደ ካሜራው አዞረችና ቁልፍ ተጫነች። በስልኩ ላይ ነጣ ያለ ብርሃን ብልጭ አለ።

«አዩ እማማ? ሪሞቱ ይናገራል። ይኼን ብርሃን ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል» አለች።

አንዳንድ ስልክ በኋላው ካሜራ አያሳይም። ያን ጊዜ የፊቱን ካሜራ ሞክሩ። በዚያም ካልታየ ባትሪ ድንጋዩን ቀይሩ። ስትቀይሩ የመደመርና የመቀነስ ምልክቱን አንብቡ። የባትሪው መደመር ከሪሞቱ መደመር ጋር ይግጠም። አሮጌውን ባትሪ ሕፃን እንዳያገኘው አርቃችሁ አስቀምጡ። ሕፃን ወደ አፉ ከወሰደው አደገኛ ነው።

ቴሌቪዥኑ ላይም ማብሪያ ቁልፍ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከታች ወይም ከጀርባ ይገኛል። ምልክቱ ክብ ሆኖ ከላዩ አጭር መስመር አለው። ሪሞት ቢጠፋባችሁም በዚህ ቁልፍ ማብራት ይቻላል። ልጅቷ ይህንንም ቁልፍ ተጫነች። ቴሌቪዥኑ አልተነሣም።

ነቅሎ ማሳረፍ

«እንግዲህ እናሳርፈው» አለች ልጅቷ።

ስፒናውን ከግድግዳው ነቀለች። ከዚያ የቴሌቪዥኑን ማብሪያ ቁልፍ ተጭና እስከ 30 ቆጠረች። እናትየውም አብረው ቆጠሩ። ከዚያ በኋላ 5 ደቂቃ ጠበቁ።

ይህ ለምን ይጠቅማል? ቴሌቪዥን በሪሞት ሲጠፋ ጨርሶ አይጠፋም። ያንቀላፋል እንጂ። ቀዩ መብራት የሚበራውም ለዚህ ነው። መብራት ሲመጣና ሲሄድ የቴሌቪዥኑ አእምሮ ሥራውን በአጋማሽ ያቋርጥና ይደናበራል። ነቅለን ስናቆየው በውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ አብዛኛው ይወጣል። ስንሰካው ሥራውን ከሀ ብሎ ይጀምራል።

ቢያንስ 1 ደቂቃ ያስፈልጋል። 5 ደቂቃ ቢሆን ይሻላል። ነቅሎ ወዲያው መሰካት ብዙ ጊዜ አይጠቅምም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

5 ደቂቃ ሲሞላ ልጅቷ ስፒናውን ሰካችና ቁልፉን ተጫነች። ሁሉም ዝም አሉ።

መስታወቱ ቀስ ብሎ ነጣ። የፋብሪካው ምልክት ወጣ።

«እልልል!» አሉ እናትየው።

ጽሑፍ ሲመጣ

ደስታው ግን ወዲያው ቀዘቀዘ። ምልክቱ ጠፋና መስታወቱ እንደገና ጠቆረ። በዚህ ጊዜ ግን መሐሉ ላይ በፈረንጅ ፊደል ትንሽ ጽሑፍ ታየ።

«ውይ! ይኼው ተመልሶ ጠፋ» አሉ እናትየው።

«አልጠፋም እማማ! ጽሑፍ ካለ ስክሪኑ ጤነኛ ነው። የተቃጠለ ስክሪን ጽሑፍ አያሳይም። ጽሑፉ የሚለው ‹ሥዕል አልደረሰኝም› ነው» አለች ልጅቷ።

አንባቢዎች ሆይ፣ ይህን በደንብ ያዙ። ጥቁር መስታወት ላይ ጽሑፍ ከታየ መብራቱም፣ መስታወቱም፣ ቦርዱም እየሠሩ ነው። ችግሩ ከዲሹ፣ ከሪሲቨሩ፣ ከገመዱ ወይም ከመግቢያው ምርጫ ነው።

መግቢያ ማለት ምን ማለት ነው? ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወይም ጎን ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ከእነዚህ አንዱ ዓይነት ኤችዲኤምአይ ይባላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ናቸው። በእያንዳንዱ አጠገብ 1፣ 2፣ 3 ተብሎ ተጽፏል። ቴሌቪዥኑ በአንድ ጊዜ የሚያየው የተመረጠለትን መግቢያ ነው። ቤት ሦስት በር አለው እንበል። እንግዳው በ1ኛው በር ቆሟል፤ እኛ ግን 2ኛውን በር ከፍተን እንጠብቃለን። እንዴት እንገናኝ?

ልጅቷ፣ «እማማ፣ መስታወቱ ላይ ከፈረንጁ ፊደል ቀጥሎ ያለው ቁጥር ስንት ነው?» አለች።

እናትየው ቀረብ ብለው አዩ። «2 ነው» አሉ።

«አሁን ከጀርባ ይመልከቱ። የሪሲቨሩ ገመድ የተሰካው ስንት ቁጥር ላይ ነው?»

እናትየው በስልኩ መብራት አዩ። አንድ ጊዜ አዩ፣ ሁለተኛ አዩ። «1! 1 ነው የሚለው!» ብለው ጮኹ።

ነገሩ ተገኘ። በዚያች ማታ በድንጋጤ ቁልፎቹን ሁሉ ሲጫኑ መግቢያውን ከ1 ወደ 2 ቀይረውት ኖሯል። ልጅቷ በሪሞቱ ላይ ያለውን የመግቢያ ቁልፍ አሳየቻቸው። በብዙ ሪሞት ላይ ቀስት ወደ ሣጥን ሲገባ የሚያሳይ ሥዕል አለው። እናትየው ራሳቸው ተጫኑ። 1ን መረጡ።

ሥዕሉ ከነድምፁ መጣ።

በአንድ በግ ዋጋ ሊሸጥ የነበረው ቴሌቪዥን ምንም አልተቃጠለበትም ነበር። ጠጋኙ ሳያውቅ ይሁን አውቆ እንዲያ ያለው እኛ አንፈርድም። እናትየው ግን ቁጥር በማንበባቸው የልጃቸውን ላብ አዳኑ።

ድምፅ አለ፣ ሥዕል የለም

ችግሩ ሁልጊዜ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንዳንዴ ድምፁ ይሰማል፣ መስታወቱ ግን ይጨልማል።

በመጀመሪያ ሌላ መግቢያና ሌላ ጣቢያ ሞክሩ። አንዳንድ ቴሌቪዥን ድምፅ ብቻ እንዲሰማ ሥዕሉን የሚያጠፋ ምርጫ አለው። በስሕተት ተነክቶ ከሆነ ማናቸውንም ቁልፍ ስትጫኑ ሊመለስ ይችላል።

ይህ ካልሆነ የእጅ ባትሪ አምጡ። የስልክ መብራትም ይሆናል። ቤቱን አጨልሙ። ቴሌቪዥኑን ክፈቱ። መብራቱን ወደ መስታወቱ አስጠግታችሁ በጎን አብሩ። ትኩር ብላችሁ እዩ። የሰው ጥላ ወይም ጽሑፍ እንደ ሕልም ደብዘዝ ብሎ ከታያችሁ ሥዕሉ አለ ማለት ነው። የጠፋው የኋላ መብራቱ ነው። ፋኖሱ ጠፍቷል፣ ሰውየው ግን እየሠራ ነው።

የኋላ አምፖሎቹ በብዙ ቴሌቪዥን ተቀጣጥለው የተሠሩ ናቸው። አንዷ ስትቃጠል ረድፉ በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ «ስክሪኑ ሞቷል» ለሚላችሁ ሰው፣ «የኋላ መብራቱ እንዳይሆን አይተኸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የአምፖሉን ረድፍ መቀየር መስታወቱን ከመቀየር በጣም ይረክሳል። ይህ ግን የባለሙያ ሥራ ነው።

የኋላ መብራት የሌላቸው ውድ ቴሌቪዥኖችም አሉ። ነጥቦቻቸው ራሳቸው ያበራሉ። ለእነዚህ የባትሪው ሙከራ አይሠራም።

ምልክቱ እየመጣ ቢጠፋስ?

አንዳንዱ ቴሌቪዥን የፋብሪካውን ምልክት ያሳይና ይጠፋል። ተመልሶ ያሳያል፣ ይጠፋል። እንዲህ ሲሆን ስፒናውን ነቅላችሁ ከጀርባ የተሰኩትን ገመዶችና ፍላሽ ሁሉ አውጡ። 5 ደቂቃ አሳርፉት። ከዚያ የኤሌክትሪኩን ስፒና ብቻ ሰኩ። ከተነሣ ሌሎቹን አንድ በአንድ መልሱ። የትኛው ሲሰካ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ።

ሁሉን ነገር አጥፍቶ እንደ አዲስ የሚያስጀምር ምርጫም አለ። እሱ ግን የመጨረሻ ነው። የጫናችሁትን ፕሮግራምና የኢንተርኔት ቃል ሁሉ ያጠፋል። ቴሌቪዥኑ ፕሮግራሙን ሲያድስ ደግሞ አትንቀሉት። በአጋማሽ ከተነቀለ ጨርሶ አልነሣም ሊል ይችላል።

ይህን አታድርጉ!

የቴሌቪዥኑን ጀርባ አትፍቱ። ይህ ዋናው ትእዛዝ ነው። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። በቴሌቪዥኑ ቦርድ ላይ ግን ከ300 ቮልት በላይ ሆኖ ካፓሲተር በሚባል ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል። ስፒናው ከተነቀለም በኋላ ሊቆይ ይችላል። እጁን የሰደደን ሰው ሊገድል ይችላል። ማሳረፍ ያልነው ለቴሌቪዥኑ አእምሮ ነው፤ ከፍቶ ለመንካት ፈቃድ አይደለም።

መስታወቱን በውሃ አትጠቡ። ስፒናውን ነቅላችሁ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ ዳንቴል አታልብሱት። ዳንቴል ያምራል፣ ነገር ግን ከኋላ ያሉትን የአየር ቀዳዳዎች ይደፍናል። ቴሌቪዥኑ ይታፈናል፣ ይሞቃል። ሙቀት የአምፖሎቹን ዕድሜ ያሳጥራል። ሻማና ዕጣን ማጨሻም አጠገቡ አታስቀምጡ።

ጠጋኝ ዘንድ ስትሄዱ

ሁሉን ሞክራችሁ ካልሆነ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ባለሙያ ይከበራል፣ ደመወዙም ይገባዋል። ነገር ግን ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። በወረቀቱ ላይ ይህን ጻፉ፦

የጠቆረበት ቀንና ሰዓት።

ትንሹ መብራት፦ አለ ወይም የለም።

ድምፅ፦ አለ ወይም የለም።

ጽሑፍ፦ አለ ወይም የለም።

በእጅ ባትሪ ሲታይ፦ ጥላ አለ ወይም የለም።

የሞከርነው፦ ሶኬት፣ ሪሞት፣ ነቅሎ ማሳረፍ፣ መግቢያ።

ጥሩ ጠጋኝ ይህን ሲያይ ይደሰታል። ሥራውን ያቀልለታል። ሊያታልል ያሰበ ደግሞ አስተውላችሁ እንደመጣችሁ ያውቃል።

ቀጥላችሁ ጠይቁ። የተበላሸው ምንድን ነው? የዕቃው ዋጋ ስንት ነው? የእጅ ዋጋስ? መልሶ ቢበላሽ ለስንት ጊዜ ኃላፊነት ትወስዳለህ? መልሱን በወረቀት ላይ ያስፍርላችሁ። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም አምጣ በሉት። ወረቀቱን ሳታነቡ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ሳይታመም መጠበቅ

መብራት ሲጠፋ ስፒናውን ንቀሉ። መብራት ሲመጣ ወዲያው አትሰኩ። ጥቂት ደቂቃ ጠብቁና አምፖሉ ሳይንቀጠቀጥ ሲረጋ ሰኩ። ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ይጠቅማል።

ነጎድጓድ ሲሰማ ስፒናውንም የዲሹንም ገመድ ቀድማችሁ ንቀሉ። መብረቁ ከተቃረበ በኋላ ግን ገመዱን አትንኩ።

የብርሃኑን መጠን ከልክ በላይ አታብዙ። ብርሃኑ መጠነኛ ሲሆን የኋላ መብራቱ ሙቀት ይቀንሳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለውንም ጽሑፍ አንብቡ። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ለአገራችን ኤሌክትሪክ ይስማማል። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ቴሌቪዥን ግን 120 ቮልት ብቻ የሚል ሊሆን ይችላል፤ የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ነውና። እንዲህ ያለውን በቀጥታ ሶኬት ላይ ብትሰኩት ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ዕቃ ያስፈልገዋል። አንድ ቁጥር ማንበብ አንድ ቴሌቪዥን ያድናል።

የእናትየው ወረቀት

ዛሬ በእናትየው ቤት ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አንዲት ወረቀት ተለጥፋለች። የተጻፈችው በእሳቸው እጅ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«መብራት ሲጠፋ ንቀሉ። ሲመጣ ጠብቁ። የሪሲቨሩ በር 1 ነው።»

በሳምንቱ መጨረሻ ልጃቸው ከዐረብ አገር ደወለች።

«እማዬ፣ ቴሌቪዥኑ ይሠራል?» አለች።

«ይሠራል ልጄ። ታሞ ነበር። የጎረቤት ልጅ መረመረች፣ እኔ ጻፍኩ። አሁን ድኗል።»

«ማን ጻፈ?»

«እኔ ነኛ! አሁንማ መጻፍ እችላለሁ። ሌላ ጊዜ ለአንቺም ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።»

በስልኩ ወዲያ ማዶ ልጅቷ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ «ጻፊልኝ እማዬ» አለች።

የቃላት ፍቺ

ስፒና፦ በገመድ ጫፍ ያለ፣ ሶኬት ውስጥ የሚሰካ።

ሶኬት፦ ግድግዳ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ መውጫ።

ሪሲቨር፦ ከዲሽ የመጣውን ተቀብሎ ለቴሌቪዥን የሚሰጥ ዕቃ።

ካፓሲተር፦ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ።

ስታቢላይዘር፦ የኤሌክትሪክን ኃይል የሚያመጣጥን ዕቃ።

ጥያቄዎች

1. ጠጋኙ ምን ሳያይ ነው ስክሪኑ ተቃጥሏል ያለው?

2. በጥቁር መስታወት ላይ ጽሑፍ መታየቱ ምን ያስረዳል?

3. የእጅ ባትሪው ሙከራ ምንን ለማወቅ ይጠቅማል?

4. ስፒናው ተነቅሎም ቢሆን የቴሌቪዥኑን ጀርባ መፍታት ለምን ክልክል ነው?

5. የእናንተን ቴሌቪዥን ወይም የጎረቤታችሁን ጀርባ እዩ። የሪሲቨሩ ገመድ የተሰካው ስንት ቁጥር ላይ ነው? በደብተራችሁ ጻፉ።